ነጭ ዓሣ ሁሉ አንድ ነው ያለው ማነው?

ሰሞኑን ስለ ጣና ዓሣ ሀብት በተደረገ ውይይት ላይ አንድ ተናጋሪ አፋቸውን ሞልተው እንዲህ አሉ፦ "የዲኤንኤ ምርመራው ልዩነት አላሳየም። ነጭ ዓሣ አንድ ዝርያ ነው፤ ለየብቻ ጥበቃ ማውጣት ትርፉ ድካም ነው።" አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ግን ደሜ ፈላ።

ይባስ ብለው ደግሞ "ዓሣ በማስመሪያ መለካት ያለፈበት ሥራ ነው" ሲሉ ጨመሩ። ጉድ እኮ ነው! በ1973 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባኒስተር የተባለ ተመራማሪ እነዚህን በጅምላ ነጭ ዓሣ የምንላቸውን የጣና ዓሦች ጨፍልቆ አንድ አድርጓቸው ነበር። ስህተቱን ያረመው ምን ሆነና? ናግልከርከ እና ሲቢንግ የተባሉት የኔዘርላንዱ ዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ መንጋጋውን፣ ዓይኑን፣ የጭንቅላቱን ርዝመት አንድ በአንድ ለኩ። 15 ዝርያ ወጣ።

እስቲ ዓሦቹን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እዩ። አንዱ ከንፈሩ ወፍራም ነው፤ በድንጋይ መሃል ነፍሳት ይለቅማል። ሌላው አፈ ሰፊ፣ ሰውነቱ ሸንቃጣ ነው፤ ዓሣ አሳድዶ ይውጣል። ከ15ቱ 8ቱ ዓሣ በል ናቸው። መንጋጋቸው ላይ ግን አንድም ጥርስ የለም፤ ጥርሳቸው ያለው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። እነዚህ ናቸው እንግዲህ "ያው ነጭ ዓሣ" የተባሉት።

ዲኤንኤውስ? አብዛኛውን ጊዜ የሚነበበው ከሚቶኮንድሪያ (በሴል ውስጥ ካለው የኃይል ማመንጫ) የሚወሰድ አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ ነው። ይህ ቁራጭ ለውጥ የሚያጠራቅመው ቀስ እያለ ነው። ባሕር ውስጥ ብዙ ዝርያዎች ከተለያዩ ሚሊዮን ዓመታት አልፏቸዋል፤ ስለዚህ ልዩነታቸው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሞላ ቴክታ የተባለውን ግዙፍ የባሕር ዓሣ ውሰዱ። ስም የወጣለት በ2017 ነው። ከዘመዶቹ ተደባልቆ ሲኖር መኖሩን ቀድሞ የጠቆመው ዲኤንኤ ነበር፤ አካሉ ተለይቶ የታወቀው ኋላ ነው። እዚያ ላይ ዲኤንኤው ጀግና ነው፣ እሰየው።

ጣና ግን ሌላ ነገር ነው። ከ16 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ሐይቁ ደርቆ ነበር፤ ከሥሩ ተቆፍሮ የወጣው ደለል ይመሰክራል። ዓሦቹ በመልክም በአመጋገብም የተለያዩት ውሃው ከተመለሰ ወዲህ ነው ብል ማን ይከራከረኛል? ለዚያ ቁራጭ ይህ የትናንት ወሬ ነው። ወርቅ በከሰል ሚዛን አስቀምጦ "መርፌው አልተነቃነቀም፣ ወርቅ የለም" ማለት ምን ይባላል? የተናጋሪው ክርክር ከዚህ አያልፍም። ማሽኑ አልዋሸም። የጠየቁት ሰዎች ናቸው የማይችለውን የጠየቁት።

ደግሞ ነገሩ የስም ጨዋታ አይደለም። ከ15ቱ ቢያንስ 7ቱ ለመራባት ወንዝ ይወጣሉ፦ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ። የቀሩት ወንዝ ሲወጡ አልታዩም። ሁሉም አንድ ከሆኑ የወንዝ አፍ በመረብ ቢዘጋ ምን ገዶን፣ ሐይቁ ውስጥ ሞልቶ የለ? እንዲህ ሲባል ነው ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ በ75 በመቶ ገደማ የቀነሱት።

ተናጋሪው ለተሻለ የዲኤንኤ ምርመራ በጀት ይጠይቁ፤ እኔም እፈርምላቸዋለሁ። እስከዚያው ግን ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ጉማራ አፍ ላይ የሚዘረጋው መረብ ይነሳ።