ቴስተር የማያሻቸው ሊቃውንት

ባለፈው ሳምንት የቪትዜ ዳሽቦርድ ላይ ያቺ ብርቱካናማ የሞተር ምስል በራች። ያው ታውቋታላችሁ። እሷ ስትበራ ቀድሞ የሚታመመው ሞተሩ ሳይሆን ኪስ ነው።

እኔ ግን ዕድለኛ ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ፈረንጅ ምስኪን ቁጭ ብሎ በቴስተር፣ በኤሌክትሪክ መለኪያ፣ ይለካል። ሞተሩ ሲሞቅ የኦክስጅን ሴንሰሩ (ጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን የሚለካው) ቮልት ከ0.1 እስከ 0.9 ቶሎ ቶሎ ከፍ ዝቅ ማለቱን ያያል፣ ከሴንሰሩ በፊት ያለው የጭስ ቱቦ ተቀዶ አየር እያስገባ እንደሆነ ይፈትሻል። የእኛ ሊቅ መካኒክ ምን በወጣው! ኮፈኑን ይከፍታል፣ "እስቲ ነዳጅ ስጠው" ይላል፣ ዓይኑን ይጨፍናል። በቃ።

የእኔው ደግሞ በጆሮ ብቻ የሚወሰን አልነበረም። ወደ ኋላ ዞሮ መዳፉን ጭሱ ላይ ደቀነ። አሸተተ። ጥላሸቱን በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አድርጎ ወደ ፀሐይ ዘርግቶ አየው፤ በርበሬ የሚመርጥ ነበር የሚመስለው። ረዳቱንም አስሸተተው። ረዳቱ ቀለም ቀቢውን ጠራ፣ ቀለም ቀቢው አሸተተ፣ ጎማ ሊያስነፋ የመጣ ሰውዬ ሳይቀር ጎንበስ ብሎ አሸተተ። ጉባኤው "ካንዴላ ነው" አለ። ካንዴላ ተቀየረ። በራች። "እንግዲያው ነዳጅ ፓምፕ ነዋ!" ፓምፕ ተቀየረ። በራች። "ባትሪው ደከም ብሏል።" እሱም ተቀየረ። በሦስተኛው ቀን የብልሽት ኮድ ማንበቢያ ከየት እንደሆነ እንጃ ተገኘ፤ ፒ0135 አለ። "አላልኩህም? ኦክስጅን ሴንሰር!" (አላለኝም።) ሶማሌ ተራ ተሮጦ "የዱባይ ኦርጅናል" መጣ፣ ያውም ከሌላ መኪና የተፈታ። ተገጠመ።

በራች።

ኮዱ እኮ የሚለው የሴንሰሩ ማሞቂያ መስመር ችግር አለበት ነው። መስመር! ፊውዝ ሊሆን ይችላል፣ ሽቦ ሊሆን ይችላል፣ ራሱ ሴንሰሩም ሊሆን ይችላል። ሶኬቱን ነቅሎ የማሞቂያውን ሁለት ጫፍ በቴስተር መለካት አንድ ማኪያቶ እስኪጠጣ እንኳን አይፈጅም። ያንን ሳያደርጉ የሰውን ደሞዝ በግምት መበተን ልምድ አይባልም። ሌብነት ነው። እኔስ ተበድሬም እወጣዋለሁ፤ በዚያች መኪና ልጆቹን የሚያሳድረው የታክሲ ሹፌርስ?

ይቅርታ፣ ምስጋና ላይ ነበርኩ። ሊቁ በመጨረሻ የጥበቡን ጫፍ አሳየኝ፦ መብራቷ ላይ ጥቁር ፕላስተር ለጠፈባት። "አሁን ሰላም ነው።" እውነትም ሰላም ሆነ። እንዲህ ያለውን ሰላም ደላላ ሲሸጠው "ዳሽቦርዷ ንጹህ ነው፣ የሴት መኪና ናት" ይላል።

ትናንት አንድ የሰፈራችን ልጅ ቴስተር ይዞ ስር ገባ። ሽቦው ከመያዣው ወልቆ የጭስ ቱቦው ላይ ተኝቶ ቀልጧል። ቀጠለው፣ ቱቦው እንዳይነካው ሰቅሎ አሰረው፣ የተቃጠለውን ፊውዝ ቀየረ። ከዚያ ዳሽቦርዱን አየና "ይሄን ደግሞ ማነው የለጠፈው?" አለኝ።

"ፕሮፌሰሩ" አልኩት።