ለዴሞ አታጨብጭቡ

ወገኖቼ፣ በተለይ ጨረታ ኮሚቴ ውስጥ የምትቀመጡ፣ ዛሬ ቆጣ ብዬ ነው የምጽፈው።

አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ለመሥሪያ ቤታችሁ ሊሸጥ የመጣው ሻጭ ለዴሞ፣ ማለትም ለማሳያ ሙከራ፣ ላፕቶፑን ይከፍታል። ራሱ ያዘጋጀውን ጥያቄ ይጠይቃል፣ ማሽኑም አሳምሮ ይመልሳል። ጭብጨባ! ወር ሳይሞላ ውል ይፈረማል። ምነው? በመሥሪያ ቤታችሁ ፋይል ማን ሞከረው? የአንድ ሰው ስም በሦስት ዓይነት አጻጻፍ የገባበት፣ የልደት ቀን የተዘለለበት፣ ስካን ሲደረግ ገጹ የተጣመመ ፋይል ስጡትና እንየው።

«99 ከመቶ ትክክል ነው» ሲባል ደግሞ አፉን የሚከፍት አለ። እስቲ እንቁጠር። 100,000 የድጎማ አመልካቾች አሉ እንበል፤ አጭበርባሪዎቹ 100 ናቸው። ማሽኑ 99ኙን ያዘ። ጎሽ። ግን ከ99,900 ንጹሐን ላይም በመቶ አንድ ይሳሳታል፤ 999 ሰው አብሮ «ሌባ» ተባለ። አንድ ጥፋተኛ ለመያዝ አሥር ንጹሕ ሰው ተዋከበ ማለት ነው። ይህን ሂሳብ ሻጩ አይሠራላችሁም።

ተረት እያወራሁ አይደለም። የአሜሪካዋ ሚሺጋን ግዛት እ.ኤ.አ. በ2013 ለሥራ አጥ ክፍያ ሚዳስ የሚባል ሲስተም አስገባች። ለሁለት ዓመት ገደማ ሰው ሳያየው ሰውን በማጭበርበር ሲወነጅል ኖረ። በኋላ 22,427 ውሳኔዎች ሲመረመሩ 93 ከመቶው ስህተት ሆኖ ተገኘ። እስከዚያ ግን የስንቱ ደመወዝ ተቆርጧል። ልብ በሉ፣ ሚዳስ ዛሬ እንደምናየው ወሬኛ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ እንኳ አልነበረም። የዛሬው የማያውቀውንም በልበ ሙሉነት ይቀባጥራል።

እኛ ተራ ዜጎችም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። ሪባን ሲቆረጥ ፎቶ እንነሳለን እንጂ «ሲበድለኝ አቤት የምለው ለማን ነው?» አንልም። ኋላ መስኮቱ ጋ ስንደርስ «ሲስተሙ ነው፣ እኔ ምን ላድርግ» እንባላለን።

ስለዚህ ፈራሚዎች፣ ሻጩን ፊት ለፊት ጠይቁት። የማሽኑን ውሳኔ የመሻር ሥልጣን ያለው ሠራተኛ የቱ ነው? ስህተቱን በየወሩ ማን ይቆጥራል? ውሉ ሲያበቃ የሕዝቡ መረጃ ወደ እኛ ይመለሳል ወይስ እናንተ ጋ ይቀራል? መልሱ «እሱን በኋላ እናየዋለን» ከሆነ፣ እስክሪብቷችሁን ወደ ኪሳችሁ መልሱ።