የቻይናዎቹ መንትዮች ከኤችአይቪ «አልተፈወሱም»

«ቻይናዊው ሳይንቲስት ጽንሶቹን ከኤችአይቪ ፈውሶ ለምን ታሰረ?» ላልከው ወንድሜ፣ አንድ እርማት አለኝ። ሲጀመር የታመመ ጽንስ አልነበረም።

ሳይንቲስቱ ሄ ጂያንኩይ በጽንስነታቸው ዘረመላቸውን የቀየራቸው መንትያ ሴት ልጆች መወለዳቸውን እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2018 ይፋ ሲያደርግ ቫይረሱ ያለበት አባትየው ብቻ ነበር። እናትየው ነፃ ናት። የወንዱ ዘር ከፈሳሹ ተለይቶ ታጥቦ ከእንቁላሉ ጋር ላብራቶሪ ውስጥ ተገናኘ። ልጆቹ በቫይረሱ እንዳይያዙ ይህ እጥበት ይበቃ ነበር። ክሪስፐር የተባለው ዘረመል መቀየሪያ መሣሪያ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ወደፊት ቫይረሱ ወደ ሴል የሚገባበትን በር የሚሠራውን ዘረመል አበላሽቶ በሩን ለመዝጋት። ያውም በሩ በደንብ አልተዘጋም፦ ከአንደኛዋ ልጅ የዚህ ዘረመል ሁለት ቅጂዎች የተነካው አንዱ ብቻ ነው።

ስለዚህ 3 ዓመት ያስፈረደበት ፈውስ አይደለም። ጤነኛ ጽንስ ላይ መሞከሩ ነው፤ የጽንስን ዘረመል የመቀየርን ሐሳብ በመርህ ደረጃ የሚደግፉ ተመራማሪዎች ሳይቀሩ አውግዘውታል።

የምር የሚያከራክረው ሌላ ነው። ባልና ሚስት ሁለቱም የሲክል ሴል (በዘር የሚተላለፍ የደም ሕመም) ሕመምተኞች ቢሆኑስ? ከጽንሶቻቸው መርጦ ጤነኛ ማግኘት አይቻልም፤ ሁሉም ይወርሱታል። እዚህ ጋ እኔም «የጽንስ ዘረመል በፍጹም አይነካ» ለማለት አፌን ይይዘኛል። ግን ስህተት ከተፈጠረ ለልጅ ልጅም ይተላለፋል፤ እነሱን ደግሞ ማን ጠየቃቸው?