ግልጽ ደብዳቤ ለክቡር የጥቁሩ ታንክ ጠቋሚ

ጉዳዩ፦ ዘወትር «ሁለት ሲሶ» ስለመሆንዎ

ክቡርነትዎ፣

የተሳቢ ቤቱ የሽንት ቤት ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ታንክ ሲሞላ ሁለት ሲሶ። ሲጋመስ ሁለት ሲሶ። ተደፍቶ፣ በውሃ ታጥቦ፣ መድፊያው ቱቦ አፍ ላይ ያለችው ውስጧ የሚታይ ጎሚቶ ጥርት ያለ ውሃ እስክታሳልፍ ተጠብቆ፣ ጓንት ወልቆ፣ እጅ ታጥቦ፣ ፓኔሉ ላይ ያለችው ቁልፍ ስትጫን ደግሞ፣ ዓይንዎን በጨው አጥበው፣ ሁለት ሲሶ። ፍንክች የአባ ቢላዋ ልጅ!

የሥራ መደብዎ ከባድ አይደለም። ባዶ፣ ሲሶ፣ ሁለት ሲሶ፣ ሙሉ የሚሉ አራት መብራቶች ተሰጥተውዎታል፤ ከእርስዎ የሚጠበቀው ሁኔታው ሲለወጥ ከአንዷ ወደ አንዷ መሄድ ነው። እርስዎ ግን አንዷ ላይ ቤት ሠርተው፣ ካርታ አውጥተው ተቀመጡ።

ለማያውቅዎ አንባቢ እናስተዋውቅዎ። መኖሪያዎ ፊፍዝዊል አንገቱን በፒክአፕ ጭነት ማስቀመጫ ላይ አሳርፎ የሚጎተት ተሳቢ ቤት ነው። አሜሪካ ውስጥ ከባድ መኪና የሚነዳ ወገናችን መጋጠሚያውን ሲያይ ወዲያው ይለየዋል፤ እሱ በየቀኑ ከሚቆልፈው የሚለየው በመጠን ነው። ሆዱ ውስጥ ያለውን ግን ከመጋጠሚያው መገመት አይቻልም። ሦስት ዓይነት ታንክ አለ፦ ንጹሕ ውሃ የሚይዘው፣ ከዕቃ ማጠቢያና ከሻወር የሚወርደውን የሚቀበለው ግራጫው፣ ከሽንት ቤት የሚወርደውን የሚቀበለው ጥቁሩ። እርስዎ የተሾሙት በጥቁሩ ላይ ነው። ሹመቱ የሚያስቀና እንዳልሆነ እንረዳለን።

ማዕረግዎ ተገፎ ሲታይ፣ እርስዎ ማለት የታንኩን ግድግዳ በስተው የገቡ ጥቂት ብሎኖች ነዎት፤ አንዱ ከታች፣ ሌሎቹ ከሲሶው፣ ከሁለት ሲሶውና ከአናቱ አጠገብ። ፈሳሹ ከፍ ሲል የታችኛውን ብሎን ከላይኛው ጋር ያገናኛል፣ በመካከላቸው ቅንጣት ኮረንቲ ያልፋል፣ መብራቷ ትበራለች። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ለንጹሕ ውሃ። ጥቁሩ ታንክ ውስጥ ግን ብሎን የሚያገናኘው ውሃ ብቻ አይደለም። አንዲት እርጥብ ሶፍት ብሎኑ ራስ ላይ ከተጣበቀች፣ ወይም ግድግዳውን የሸፈነው ስስ አተላ ከብሎን እስከ ብሎን ረጥቦ ከቆየ፣ ለእርስዎ ታንኩ አልተደፋም። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የተበላሹ አይደሉም። ቆሽሸዋል። በዚህ ማዕረግ ላለ ሹም የትኛው እንደሚሻል ለእርስዎ እንተዋለን።

ውሸትዎ ወጪ አለው። አንድ ጋሎን ውሃ 8.3 ፓውንድ ግድም ይመዝናል፤ ባለ40 ጋሎን ታንክ ሲሞላ ከ330 ፓውንድ በላይ፣ 150 ኪሎ ያህል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ክብደት ይኑር አይኑር ሳያውቁ ተራራ መውጣት ደግ አይደለም።

ከሁሉ የሚገርመን ግን ውሸትዎ ራሱን የሚያረባበት መንገድ ነው። እርስዎን ያመነ ሰው «ሊሞላ ነው» ብሎ የመድፊያውን ቫልቭ በየሁለት ቀኑ ይከፍታል። ያለው ጥቂት ስለሆነ ፈሳሹ ሾልኮ ይሄድና ጠጣሩ ወለሉ ላይ ይቀራል። በባለ3 ኢንቹ ቧንቧ ጠጣሩን ጠራርጎ የሚያወጣው ከላይ የሚጫነው የውሃ ብዛት ነው፤ ታንኩ በእውነት ሁለት ሲሶ ወይም ከዚያ በላይ ሳይሆን መደፋት የሌለበት ለዚህ ነው። የቀረው ይደርቃል፣ ሶፍቱ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፣ ብሎኖችዎ ይበልጥ ይሸፈናሉ። እርስዎም በበለጠ ልበ ሙሉነት ሁለት ሲሶ ይላሉ፣ ሰውየውም በማግስቱ ይደፋል።

ሁሉንም ጥፋት በእርስዎ ላይ መጫን ግን ግፍ ይሆናል። ካምፕ ገብቶ፣ ቱቦውን ከፍሳሽ መስመሩ ጋር አገናኝቶ፣ የጥቁሩን ቫልቭ ለሳምንት ከፍቶ የሚተው ሰው አለ። ሽንቱና ውሃው እየፈሰሰ ይሄዳል፣ የቀረው ደግሞ ከሽንት ቤቱ ቀዳዳ ሥር ክምር ይሠራል። የደረቀ ክምር በቀላሉ አይፈርስም። የጥቁሩ ቫልቭ የሚከፈተው በመድፊያ ሰዓት ብቻ ነው። ግራጫውም ከመድፊያው አንድ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ተዘግቶ ቢጠራቀም መልካም ነው፤ ጥቁሩ ከወጣ በኋላ ሳሙናማው ውሃ ቱቦውን አጥቦ ይሄዳል። ጥቁር ቀድሞ፣ ግራጫ ተከትሎ። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ሰው ሁለተኛ አይገለብጥም።

የሽንት ቤቱን ውሃ መልቀቂያ ፔዳል ነካ አድርጎ የሚለቅ ውሃ ቆጣቢም አለ። ታንኩ በተደፋ ቁጥር ከ3 እስከ 5 ጋሎን ውሃ ቆሻሻውን ከሚያበሰብሰው የኢንዛይም መድኃኒት ጋር አስቀድሞ መግባት አለበት፣ ወለሉ እንዲሸፈን። ከዚያ በኋላም ጠጣር በወረደ ቁጥር ውሃው በርከት ይበል። ሶፍቱን ለመፈተን ክዳን ያለው የብርጭቆ ዕቃ ግማሽ ድረስ ውሃ ይሞላል፣ ሁለት ሦስት ቅጠል ሶፍት ይገባበታል፣ በደንብ ይናጣል። ተበጣጥሶ ከሟሟ ይሁን። ሙሉ ቅጠል ሆኖ የሚንሳፈፍ ከሆነ ያ ሶፍት የእርስዎ ተባባሪ ነው።

እርስዎ እስኪታረሙ ድረስ የምንሰማው ሌላ ምስክር ነው። ፔዳሉ ተረግጦ በእጅ ባትሪ ወደ ታች ሲታይ፣ ውሃው ከታንኩ ጣሪያ በምን ያህል እንደራቀ ይታወቃል። ውሃው ሲወርድ «ብሉቅ» ብሎ አየር ወደ ላይ ካስተነፈሰ ደግሞ ወይ ታንኩ አፉ ድረስ ደርሷል፣ ወይ ጣሪያ ላይ የሚወጣው የአየር ቧንቧ ተዘግቷል። ይህች ድምፅ ዋሽታ አታውቅም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ወደ ምርመራው እንለፍ። መጀመሪያ ጥፋቱ የብሎኑ ይሁን የሽቦው ይለያል። ታንኩ ይደፋና ብሎኖቹ ላይ ያሉት ሽቦዎች ይነቀላሉ። አሁን ፓኔሉ «ባዶ» ካለ ሽቦውም ፓኔሉም ደህና ናቸው፤ ጥፋቱ ታንኩ ውስጥ ነው። ሽቦው ተነቅሎም ሁለት ሲሶ ካለ፣ መንገድ ላይ የተላጠ ሽቦ እርስ በርሱ ወይም ከሻሲው ጋር ተነካክቷል፣ አለዚያም ፓኔሉ ሞቷል። ቀጥሎ የላይኛው ብሎን ሽቦ ከታችኛው ሽቦ ጋር ይነካካል፤ «ሙሉ» የምትለው መብራት መብራት አለባት። ካልበራች ሽቦው ተቆርጧል ወይም ጫፉ ዝጓል። ብዙ ሰው ይህን የአሥር ደቂቃ ሥራ ዘሎ አዲስ ፓኔል ይገዛል፤ አዲሱም ሲገጠም የሚለው ያንኑ ነው።

ጥፋቱ ታንኩ ውስጥ ከሆነ መድኃኒቱ ውሃና ጊዜ ነው። ታንኩ ይደፋና በንጹሕ ውሃ ሦስት አራተኛ ያህል ይሞላል፣ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙናና ኢንዛይም ይጨመርበታል፣ ቢያንስ ሌሊቱን፣ ቢቻል ሁለት ቀን ያድራል። ከተዘፈዘፈ በኋላ ጥቂት መንገድ ቢነዳ መናወጡ ያግዛል፤ ክብደቱ ግን መታሰብ አለበት። ከዚያ ይደፋል። አንድ ጊዜ ካልበቃ ይደገማል። በረዶ ጨምሮ መንዳት ግድግዳውን ይፍቃል የሚለው ወሬ ሰፊ ነው፤ በረዶው ግን ይንሳፈፋል፣ ይሟሟል፣ እርስዎንም ሳይነካ ያልፋል። በረኪና አይግባ፤ የኢንዛይም መድኃኒቱን ሥራ ያበላሻል፣ የቫልቩንም ጎሚኒ ያደርቃል።

ፊፍዝዊሉ ጎን ላይ የታንክ ማጠቢያ ተብሎ የተጻፈበት የውሃ መግቢያ ካለ፣ እዚህ ላይ ሽሙጡን ለጊዜው እንተወዋለን። እዚያ የሚገጠመው ቱቦ ከመጠጥ ውሃው ቱቦ የተለየ፣ በቀለምም የማይመሳሰል ይሁን። ቫልቩ ተዘግቶ ማጠቢያው ከተከፈተ ማንም ሰው ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ውሃው መሄጃ ሲያጣ በሽንት ቤቱ ወይም በጣሪያው የአየር ቧንቧ ይወጣል፣ ታንኩም ሊሰነጠቅ ይችላል። ልኩን ለማወቅ ቱቦው አስቀድሞ በባልዲ ይለካል፤ ባለ5 ጋሎኑ ባልዲ በ2 ደቂቃ ከሞላ፣ ባዶው ባለ40 ጋሎን ታንክ በ16 ደቂቃ ይሞላል ማለት ነው። በማጠቢያው አፍንጫ በኩል ከዚያ ይዘገያል፤ ቢሆንም አሥረኛው ደቂቃ ላይ ይቆማል። አንድ ሰው ሽንት ቤቱ ውስጥ፣ አንድ ሰው ቧንቧው አጠገብ። ስልክ ኪስ ውስጥ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተመለሱ ጡረታዎን እናስከብራለን። ታንኩን ሳይበሳ ከውጭ ግድግዳው ላይ የሚለጠፍ ጠቋሚ አለ፤ ሲሌቭል የሚባለው አንዱ ነው። ከቆሻሻው ጋር ስለማይገናኝ ሶፍት አያሞኘውም፤ የታንኩን ይዞታም በፐርሰንት ይናገራል። አስቸጋሪው መድረሻው ነው። ፊፍዝዊል ሆዱ ብዙውን ጊዜ በጥቁር ፕላስቲክ ተሸፍኗልና ሽፋኑ መውረድ አለበት። ጠቋሚው ታንኩ የሚያርፍበትን ብረት ከነካ ደግሞ ንባቡ ይዛባል። ለመለጠፍ ግድግዳው በስሱ ይፈገፈጋል፣ በአልኮል ይጸዳል፣ ይደርቃል። እግረ መንገዱንም ሽፋኑ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ካለ ይታያል፤ ካለ ሌላ የሚያፈስ ነገር አለ ማለት ነው፣ እሱንም በእርስዎ አናላክክም።

ለሚያደርጉልን ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ባለ ጓንቶቹ

ግልባጭ፦

ለንጹሕ ውሃው ታንክ ጠቋሚ፦ ለመረጃ ያህል። ሥራዎን እየሠሩ ነው፤ ከጎረቤትዎ ጋር ግን አይዋሉ።

ለግራጫው ታንክ ጠቋሚ፦ ሰበብዎን እናውቃለን፤ ንጥር ቅቤና የወጥ ዘይት። ቅቤው ሞቅ ብሎ ይወርድና ታንኩ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ብሎን ላይ ይረጋል። ድስቱና ሳህኑ ከመታጠባቸው በፊት በወረቀት ይጠረጋሉ፣ ወረቀቱም ቆሻሻ መጣያ ይገባል።

ለባትሪው መብራት፦ ተሳቢው ከካምፑ ኮረንቲ ጋር ተገናኝቶ «ሙሉ» ሲሉ እየነገሩን ያሉት የቻርጀሩን ቮልት ነው፤ 13.6 አካባቢ። እውነቱ የሚታወቀው ከመስመር ተነቅሎ፣ የሚሠራ ነገር ጠፍቶ፣ ጥቂት ሰዓት አርፎ በቴስተር ሲለካ ነው። ለአሲድ ባትሪ 12.6 እና ከዚያ በላይ ሙሉ፣ 12.2 ግማሽ ግድም። ሊቲየም ለገጠመ ሰው እርስዎ ጌጥ ነዎት፤ ባትሪው ሊያልቅ ጥቂት እስኪቀረው ቮልቱ ብዙም አይወርድም።

ለሽንት ቤቱ ማራገቢያ፦ እርስዎ እየዞሩ ፔዳል ሲረገጥ የታንኩን ሽታ ስበው ወደ ቤት የሚያስገቡት እርስዎ ነዎት። መጀመሪያ እርስዎ ይጠፋሉ፣ ከዚያ ይረገጣል። ሳህኑ ውስጥ የተተወው ውሃ ሌሊቱን ካለቀ ደግሞ የጎሚኒው ጥፋት ነው፤ ጎድጎድ ያለው ዙሪያው በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ ይጸዳል፣ ካልያዘ ይቀየራል።

ለጋዝ ማሞቂያው የአየር ስዊች፦ ማራገቢያው እየዞረ እሳቱ አልቀጣጠል ሲል ሁሉም ጋዙን ይጠረጥራል። እርስዎ በአየሩ ግፊት ካልተዘጉ እሳት አይፈቀድም። ባትሪው ደክሞ ማራገቢያው ከዘገየ አይዘጉም፤ አቧራና የውሻ ፀጉር ከያዘዎትም አይዘጉም። ቮልቱ ማሞቂያው ሲሠራ ይለካ፤ 11 አካባቢ ከወረደ ባትሪውን እንጂ እርስዎን አንነቅልም።

ለውሃ ፓምፑ፦ ቧንቧ ሁሉ ተዘግቶ ሌሊት በየጊዜው «ጥርርር» ብለው የሚያቆሙት ግፊት የሆነ ቦታ እየጠፋ ስለሆነ ነው። መጀመሪያ ወደ ሽንት ቤቱ የሚገባው ውሃ ይዘጋል፤ ዝም ካሉ የሚያፈስሰው የሽንት ቤቱ ቫልቭ ነው። ካላቆሙ በዕቃ ማጠቢያው ሥር፣ በሻወሩና በውሃ ማሞቂያው መጋጠሚያዎች ላይ ደረቅ ሶፍት እየተጠመጠመ ይታያል፤ የረጠበው ጋ ነው። ሁሉም ደረቅ ከሆነና ተሳቢው ከካምፑ ውሃ ጋር ሲገናኝ የንጹሕ ውሃው ታንክ በራሱ እየሞላ ከሄደ የራስዎ የመመለሻ ቫልቭ አልይዝ ብሏል።