በአማቴ መንደር መሬት ልገዛ ነበር

«በሚስትና በርስት ቀልድ የለም» ያለው የአገሬ ሰው ሚስቱንም ርስቱንም እዚያው በተወለደበት ቀዬ ያገኘ ባለዕድል ሳይሆን አይቀርም። እኔ ሚስቴን ያገኘሁት ከኢንዶኔዢያ፣ ከጃቫ ደሴት ነው፤ ሚስት ከተገኘችበት ርስትም አይጠፋም ብዬ ማሰቤ ግን ይኸው የሁለት ዓመት የዕረፍት ፈቃዴን በልቶ ለመንደሩ የማታ ጨዋታ ማድመቂያ ሆኖ ቀርቷል።

አማቴ የሚኖሩበት መንደር በማዕከላዊ ጃቫ፣ በክላተን አውራጃ፣ ሜራፒ ከተባለው እሳተ ገሞራ ግርጌ ነው። ሜራፒ ጠዋት ጠዋት ከአናቱ ቀጭን ጭስ እያወጣ፣ ቡና አፍልቶ ጎረቤት የሚጠብቅ ሰው ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2010 ተቆጥቶ ከሦስት መቶ በላይ ሰዎችን መቅጠፉን ያልሰማ እንግዳ «እንዴት ያለ ውበት ነው!» ይላል፤ የመንደሩ ሰው ግን ተራራውን የሚያየው እንደ ክፉ ባለጸጋ ዘመድ ነው፤ ይፈራዋል፣ ስሙን በክፉ አያነሳም፣ ውርሱን ግን ይበላል። አመዱ ያዳበረው አፈር በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ ሩዝ ይሰጣል፤ ለአጥር የተተከለ እንጨት እንኳ ሳይታሰብ ቅጠል ያወጣል።

ከአማቴ ቤት ጎን አራት መቶ ካሬ ሜትር የምትሆን ይዞታ አለች። ሦስት የኮኮነት ዛፎች፣ አንድ የቀርከሃ ቁጥቋጦ፣ ወደ ግራ ያዘነበለች አሮጌ የጣውላ ቤትና ባለቤቱ ያልታወቀ አውራ ዶሮ ይገኙባታል። የይዞታዋ ጌታ ካረፉ በኋላ ልጆቻቸው ሊሸጧት ማሰባቸውን የሰሙት አማቴ «ባዕድ ከሚገባባት እናንተ ብትገዟት አይሻልም?» ሲሉ፣ ባዕድ ከተባለ እኔን የሚያህል ባዕድ በአውራጃው እንደማይገኝ ልብ ያለው ሰው አልነበረም። ዋጋዋ ሁለት መቶ ሚሊዮን ሩፒያ ነው ሲባል ጆሮዬ ጭው አለ፤ ሚስቴ መንዝራ አሥራ ሁለት ሺህ ዶላር ገደማ መሆኑን ስትነግረኝ ነፍሴ ተመለሰች። ይህ የተጠበሰ ሙዝ በሺህ፣ ሞተር ብስክሌት በአሥር ሚሊዮኖች የሚሸጥበት አገር ነው፤ ሚሊዮነር ለመሆን ድሃ መሆን ይበቃል።

እኔ ይዞታዋን የወደድኳት በስተምሥራቅ በኩል በተንጣለለው የሩዝ ማሳ ምክንያት ነበር። ቤቱን አፍርሼ፣ ፊቱን ወደ ማሳው ያዞረ ሰፊ በረንዳ አሠርቼ፣ ጠዋት ስኒዬን ይዤ አረንጓዴውን ስቃኝ ታየኝና ሐሳቤን ለአማቴ አዋየኋቸው። አማቴ ዝም ብለው ካዩኝ በኋላ «ሩዝ ምኑ ይታያል?» አሉኝ። ለእሳቸው ማሳ ማለት ጭቃ፣ አይጥ፣ አይጥ ፍለጋ የሚመጣ እባብና ሲጎነበሱ የኖሩበት ወገባቸው ነው፤ የሰው ቤት ደግሞ ፊቱን የሚያዞረው ሰው ወደሚያልፍበትና ሰላምታ ወደሚለዋወጥበት መንገድ ነው። ጀርባውን ለመንገድ፣ ፊቱን ለጭቃ የሚሰጥ ሰው ወይ ከጎረቤት ተጣልቷል፣ ወይ ዕዳ አለበት።

ለፍትሐዊነቱ ያህል፣ ባሊ ደሴት ላይ ዕይታ ራሱን የቻለ ሸቀጥ ከሆነ ቆይቷል። ሱባክ የሚሉትን የገበሬዎች የመስኖ ሥርዓት ዩኔስኮ በ2012 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል፤ እርከኑን ለማየት የሚጎርፈው ሰውም ብዙ ነው። አንዱ ማሳ ፊት ለፊት ቪላ ይከራያል፤ የሚያየው ማሳ የሌላ ገበሬ ነው፤ ገበሬው የቪላውን ኪራይ በሰማ ማግስት የእርሱን ማሳ ለሌላ ቪላ ይሰጣል፤ ሁለተኛው ቪላ ሦስተኛውን ያያል፤ የመጨረሻው ተከራይ ከበረንዳው ሆኖ የሚያደንቀው የጎረቤቱን የውሃ ታንከር ነው። አማቴ ይህን ሳጫውታቸው «ታዲያ ሩዙን ማን ሊበላ ነው?» ከማለት በቀር አስተያየት አልሰጡም።

ዕይታውን አማቴ ቢነፍጉኝም መሬቱን የነፈገኝ ግን ሕጉ ነው። በአውራጃው ከተማ ያገኘናቸው ውል አዋዋይ፣ ወንበር ላይ ሳንደላደል፣ በ1960 የወጣውን የመሬት ሕግ አንቀጽ 21 እንደ ዳዊት በቃላቸው ወጡልኝ። «ሃክ ሚሊክ» የተባለውን ሙሉ የባለቤትነት መብት መያዝ የሚችል ግለሰብ ኢንዶኔዢያዊ ዜጋ ብቻ ነው። በአገሩ ለሚኖር የውጭ ሰው የተተወለት «ሃክ ፓካይ» የሚሉት የመጠቀም መብት ነው፤ በመጀመሪያ ሠላሳ ዓመት፣ ሲራዘም ሃያ፣ ሲታደስ ደግሞ ሠላሳ፣ በድምሩ ሰማንያ። ሰማንያ ዓመት ለእኔ ዘላለም ነውና እስክሪብቶ ሳወጣ ውል አዋዋዩ ፈገግ ብለው ሌላ ገጽ ገለጡ። የውጭ ሰው የሚይዘው ቤት ለየክፍለ ሀገሩ ከተቆረጠው ዝቅተኛ ዋጋ በታች መሆን የለበትም፤ ያ ዝቅተኛ የሚባለው ዋጋም የሚቆጠረው በቢሊዮን ነው። የእኔዋ ዘንባላ ቤት ግን የሁለት መቶ ሚሊዮን ናት። በሕይወቴ «ገንዘብህ አይበቃም» ተብዬ ብዙ ነገር ተከልክያለሁ፤ «ረክሶብሃልና አትገዛም» ስባል ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

«በወዳጅ ስም ይገዛ» የሚል መካሪ በየሻይ ቤቱ አይጠፋም። ይኸው ሕግ አንቀጽ 26 ላይ፣ መሬትን በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ወደ ውጭ ሰው የሚያዞረውን ሽያጭ ፈራሽ ያደርገዋል፤ መሬቱ ለመንግሥት ይገባል፣ የተከፈለው ገንዘብም አይመለስም። መንግሥት ባይደርስበት እንኳ ወዳጅ ያው ወዳጅ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ተደላድሎ ተቀምጦ «ቤትህ እኮ ነው፣ ስታልፍ ጎራ በል» ይልሃል።

ሚስቴ ይህን ጊዜ «እኔ ዜጋ ነኝ፤ በእኔ ስም ይሁን» አለች። ውል አዋዋዩ ይህቺን ቃል ሲጠብቁ የቆዩ ይመስል ወንበራቸውን ሳብ አደረጉ። በ1974 የወጣው የጋብቻ ሕግ በትዳር ውስጥ የተፈራን ንብረት የጋራ ያደርገዋል፤ የጋራ ከሆነ ግማሹ የእኔ ነው፤ ግማሹ የእኔ ከሆነ መሬቱ ባዕድ እጅ ገባ። ስለዚህ ሚስቴ እኔን ባገባች ዕለት ፓስፖርቷን እንደያዘች በአያቶቿ መንደር ለመሬት ባይተዋር ሆነች ማለት ነው። ከጋብቻ በፊት የንብረት መለያየት ውል ያልፈረመ ሰው መውጫም አልነበረውም። ጃፓናዊ ያገባች አንዲት ኢንዶኔዢያዊት፣ ልትገዛው የተዋዋለችው አፓርታማ በዚሁ ሰበብ ቢቀርባት፣ ነገሩን እስከ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት አድርሳ፣ በ2016 ውሉን ከጋብቻ በኋላም መፈረም ይቻላል የሚል ፍርድ አገኘች። እኔን ለመሰለ ባል ያቺ ሴት ሐውልት የሚገባት ናት፤ ሐውልቱን የማቆምበት መሬት ስለሌለኝ ነው።

የቀረው ነገሩን ለአማቴ ማስረዳት ነበር። «ንብረት ልንለያይ ነው» የሚለውን ቃል ሲሰሙ አማቴ ሻሻቸውን አስተካክለው «ምን አደረገችህ ልጄ?» አሉኝ። እኛ ለመሬቱ ስንል ነው ብንልም ሰሚ አላገኘንም። በዚያው ምሽት ሦስት አክስቶች አንድ ትሪ ሙሉ የተጠበሰ ቴምፔ ይዘው ለሽምግልና ደረሱ፤ ቴምፔ ማለት ከተብላላ አኩሪ አተር የሚሠራ፣ በጃቫ ለሐዘንም ለደስታም የማይጠፋ ምግብ ነው። ትዳራችን ደህና መሆኑን ለማሳመን ያወጣነው ጉልበት ሁለት የተኳረፉ ባልና ሚስት ያስታርቅ ነበር። ዛሬም ድረስ ታናሽየዋ አክስት በቪዲዮ ስትደውል አስቀድማ የምታጣራው አንድ ክፍል ውስጥ መሆናችንን ነው።

በእኛ በኩል ንብረቱ እንዲህ ሲለያይ፣ በሻጮቹ በኩል ደግሞ ሰዉ አልሰበሰብ አለ። ወራሾቹ ዘጠኝ ናቸው። በጃቫ ልማድ ወንድ ልጅ በትከሻ ዘንግ ሁለት ሸክም፣ ሴት ልጅ በጀርባዋ አንድ ሸክም ይወርሳሉ ይባላል፤ አባትየው ይህን ሳያደርጉ ስላረፉ ሸክሙ እንዳለ መሬት ላይ ነው። ከዘጠኙ ሁለቱ በመንግሥት የሰፈራ ፕሮግራም ከሄዱ ዘመዶች ጋር ሱማትራ፣ ላምፑንግ ቀርተዋል፤ አንዷ ማሌዢያ የሰው ቤት ትሠራለች፤ አንዱ ደግሞ የት እንዳለ ሁሉም ያውቃል፣ ግን አይነገርም። በቦታው ያሉት አምስቱ እንፈርማለን ወይ ሲባሉ «ኢንጊህ» አሉ። «ኢንጊህ» በጃቫ የአክብሮት ቋንቋ «አዎ» ማለት ነው፤ ሲተረጎም ግን «ሰምቼዎታለሁ፣ በሰላም ይግቡ» ማለት ሊሆን ይችላል። «እሺ ነገ» እየተባለ ላደገ ሰው ይህ እንኳ አዲስ አልሆነብኝም።

ማስረጃውም ቢሆን የመንደሩ ጸሐፊ ዘንድ ያለ «ሌተር ሴ» የሚሉት የግብር መዝገብ ነው፤ ጠርዙን ምስጥ የቀመሰው፣ የሟች አባት ስም በሁለት ዓይነት ፊደል የተጻፈበት። በ2021 የወጣ ደንብ እንዲህ ያሉ አሮጌ ወረቀቶች ከአምስት ዓመት በኋላ የባለቤትነት ማስረጃ መሆናቸው እንዲያበቃ ደንግጓል። ፕሬዚዳንት ጆኮ ዊዶዶ በዘመናቸው አገር ለአገር እየዞሩ የመሬት ካርታ በገፍ ሲያድሉ፣ መድረክ ላይ የጠየቁትን ለመለሰ ሰው ብስክሌት ይሸልሙ ነበር። የአማቴ ካርታ የወጣው በዚያው ዘመን ነው፤ ሴትየዋ ግን ካርታውን ሣጥን ውስጥ ጥለው እስከ ዛሬ የሚያዝኑት ስላልደረሳቸው ብስክሌት ነው። የጎረቤታቸው ይዞታ ያኔ ያልተለካው ወሰኑን የሚያሳየው ቀርከሃ ስለሆነ ነው። ቀርከሃ በየዓመቱ ወደ ጎን ይባዛል፤ በአገሬ ድንበር የሚገፋው ጎረቤት ነው፣ እዚህ ግን ወሰኑ ራሱ በእግሩ ይሄዳል፣ የሚከሰስም የለም።

እነዚህ ሁሉ ቢቃኑ እንኳ ዋጋው አልቆም አለ። ከሶሎ ወደ ዮግያካርታ የሚዘረጋው የክፍያ መንገድ የክላተንን የሩዝ ማሳዎች አቋርጦ፣ የመጀመሪያው ክፍል በ2024 ተመርቋል። መሬቱ በመንገዱ የተነካ ገበሬ በአንድ ቀን ቢሊዮን ሲቆጥር ያየ ጎረቤት፣ ከዚያ ወዲህ ኮፍያ ያደረገ እንግዳ ሁሉ ቀያሽ ይመስለዋል። ከዚህም ሩቅ በምሥራቅ ጃቫ፣ በቱባን አውራጃ፣ ሱሙርገነንግ የምትባል መንደር ለነዳጅ ማጣሪያ መሬቷን ለመንግሥት ኩባንያ ሸጣ፣ በየካቲት 2021 ነዋሪዎቿ 176 መኪና መግዛታቸው አገር ጉድ አሰኝቶ ነበር፤ መንዳት የማያውቁ ሳይቀሩ ገዝተዋል። በዓመቱ ደግሞ ማሳው የሄደበት፣ እገባለሁ ያለው ሥራም የቀረበት ሰው ከብቱን እየሸጠ ለመኖር መገደዱ ተወራ። በአማቴ መንደር ከዚህ ታሪክ የሚነገረው የመጀመሪያው ግማሽ ብቻ ነው። የአራት መቶዋ ካሬ ዋጋም በዚሁ ሒሳብ በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት መቶ፣ በሁለተኛው ሦስት መቶ ሃምሳ ሚሊዮን ገባ፤ የጨመረው ሻጭ የለም፤ ማታ ማታ ወሬው ብቻውን ይጨምረዋል።

ርስት ባላገኝም መንደሩ ግን እኔን ሙሉ በሙሉ ይዞታው አድርጎኛል። በመግቢያው ላይ እንግዳ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያስመዘግብ የሚያዝ ሰሌዳ ተተክሏል፤ ሰሌዳው እንኳ ከመጠን በላይ ትሕትና ነው፣ የሰፈሩ ሹም፣ ሁሉም «ፓክ ኤርቴ» የሚላቸው፣ ገና ሻንጣዬን ሳላወርድ ዕድሜዬንና ደሞዜን ያውቁ ነበር። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ የት እንደምሄድና ገላዬን ታጥቤ እንደሆነ ይጠይቀኛል፤ ይህ የእግዜር ሰላምታ ነው፣ መልሱን አጥብቆ የሚፈልግ የለም። ዕቁባቸውን «አሪሳን» ይሉታል፤ ሠርግ ሲጠሩ የሰጡት ፖስታ በደብተር ይመዘገባል፤ ደብተሩ ከመሬት መዝገቡ ይልቅ በጥንቃቄ እንደሚያዝ በዓይኔ አይቻለሁ።

ከሁሉም የገረመኝ የሌሊት ጥበቃው ነው። እኛ «ሮንድ» የምንለውን እነሱ «ሮንዳ» ይሉታል፤ ቃሉ ለሁለታችንም ከማን እንደመጣ ባያሳስበንም እንቅልፍ በማሳጣቱ አንድ ነን። በጥበቃዋ ጎጆ ግድግዳ ላይ በተለጠፈው ተራ ዝርዝር ውስጥ ማክሰኞ ከሚለው ሥር ስሜ በሁለት የፊደል ስሕተት ተጽፎ አገኘሁት፤ በዚያ መንደር በስሜ የተጻፈው ብቸኛ ሰነድ ይኸው ነው። ተረኞቹ በየቤቱ ደጃፍ የተንጠለጠለችውን ትንሽ ስኒ እየፈተሹ ከየቤቱ የተቀመጠውን እፍኝ ሩዝ ወይም ሳንቲም ይሰበስባሉ፤ የገዛ አማቴን ስኒ ወደ ከረጢቱ የገለበጥኳት እኔ ራሴ ነኝ። የሻጭ ወራሾቹ ታላቅ ወንድም የእኔው ተራ ባልደረባ ነው፤ ስለ ይዞታዋ ግን አንድም ቀን አንስቶብኝ አያውቅም።

ባለፈው ማክሰኞ ሌሊት ግን፣ ሻዩ ተቀድቶ ዶሚኖው ሲደረደር፣ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረና «በእናንተ አገር መሬት በካሬ ሜትር ስንት ይሸጣል? እኛስ መጥተን መግዛት እንችላለን?» ሲል ጠየቀኝ። ሌሎቹም ዶሚኗቸውን አስቀምጠው ጆሯቸውን ሰጡኝ። እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነና እንደማይሸጥ፣ የሚሸጠው ግን በላዩ ያለው ቤት እንደሆነ፣ ቤቱ ሲሸጥ ግን ዋጋው የመሬቱ እንደሚሆን ማስረዳት ጀመርኩ። ፓክ ኤርቴ «ታዲያ ባለቤቱ ማነው?» አሉ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩላቸው። የመስጊዱ የንጋት ጥሪ ሲሰማ ገና ሊዝ ላይ አልደረስንም ነበር።