ጭቃ ቤት ላይ ሲሚንቶ?

ኧረ በአላህ! ደሴ ፒያሳ ያረጀ ቤት «ይታደስ» ሲባል ሲሚንቶ መለጠፍ ምን ይሉታል? በጽድ ቋሚና ማገር ላይ የተመረገ ጭቃ እርጥበት ስቦ መልሶ ያወጣል፤ ሲሚንቶ ያፍነዋል። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው የክረምት ውሃ ከሥር ገብቶ መውጫ ያጣል፣ ቋሚው እግሩ ላይ ይበሰብሳል፣ ልስኑ ያብጥና ይረግፋል። ከዚያ «አርጅቷል፣ ይፍረስ!» ማን አስረጀው?

መንገዱን ከፍ አድርገው ሲያነጥፉትማ ጎርፉ በደጃፍ ይገባል። አሸንዳውን ጠግኑ፣ ከግድግዳው ሥር የተከመረውን አፈር ዝቅ አድርጉ፣ የበሰበሰውን ቋሚ ብቻ ቀይሩ። ጭቃው የጤፍ ጭድ ገብቶበት፣ 2 ሳምንት ያህል እየተረገጠ ይቡካ፤ የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ ሳይሰነጠቅ ልስን አይደረብም። የንጉሥ ሚካኤልን አዳራሽ፣ አይጠየፍን፣ የሠራ ከተማ ጭቃ ማቡካት ጠፋው?