የተርሚናሉ የወፍ ቋንቋ

ባልደረባዬ የሰርቨሩን የይለፍ ቃል ላከልኝና «አታስብ፣ ቆልፌዋለሁ» አለ። ከፈትኩት። የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ነው፤ ጭራው ላይ ሁለት የእኩል ይሆናል ምልክት ተንጠልጥሏል። እሷን ጭራ ሳይ ወዲያው ገባኝ። ቤዝ 64!

ትእዛዝ የምጽፍበት መስኮት፣ ተርሚናሌ ላይ ለጠፍኩት፤ ሰረዝ ዲ («ፍታው» ማለት ነው)፣ ኢንተር። የይለፍ ቃሉ ራቁቱን ወጣ። የገዛ ስሙና 123 ነበር። ለነገሩ የደበቀውስ በዚህ አፍሮ ይሆናል።

ቤዝ 64 እኮ ቁልፍ የለውም። ልጅ ሆነን የምናወራት የወፍ ቋንቋ ናት። በየቃሉ መሃል ትርፍ ድምፅ እየሰነቀርን «ማንም አይሰማንም» ብለን እንንቀባረር ነበር። ትልልቆቹ ሁሉንም ይሰማሉ፤ እንዳናፍር ብለው ዝም ይላሉ።

ሥራው ሚስጥር መጠበቅ አይደለም። ተራ ጽሑፍ ብቻ በሚያሳልፍ መንገድ ላይ ፎቶውንም ፋይሉንም ጽሑፍ አስመስሎ ማሻገር ነው። 3 ባይት (ኮምፒውተር መረጃ የሚለካበት ቁራሽ) ይቀበልና 4 ፊደል አድርጎ ያወጣል። ፋይሉ በሲሶ ይወፍራል። መጨረሻ ላይ ሦስት ካልሞላለት ጉድለቱን በእኩል ይሆናል ይሸፍናል።

የግዕዝ ፊደል ግን ይመቸዋል። ኮምፒውተር ፊደልን በሚያስቀምጥበት ዘዴ፣ በዩቲኤፍ 8፣ አንዱ ፊደል ድፍን 3 ባይት ነው። «ሰላም» 12 ፊደል ሆና ትወጣለች፣ ያለ ጭራ። ሦስቱም ፊደሎቿ የሚጀምሩት በቁጥር 4 እና በዋይ ነው፤ ዩኒፎርም የለበሱ ተማሪዎች ይመስላሉ። ሰልፉን የሚበትነው በቃላት መሃል ያለው ክፍት ቦታ ነው፤ እሱ 1 ባይት ብቻ ነዋ። ያ የተውነው ሁለት ነጥብ (፡) ግን 3 ባይት ነው። እሱን ብንጠቀም ሰልፉ ንቅንቅ አይልም ነበር።

«ይሄ መቆለፍ አይደለም» ስለው ባልደረባዬ ደነገጠ። የይለፍ ቃሉን ቀየረ። ከሰዓት በኋላ ፊቱ በርቶ መጣ።

«አሁንስ ሁለቴ አሳልፌዋለሁ!»

ሁለቴ ፈታሁት። ፋይል ውስጥ ጽፌ ለፕሮግራሙ ሰጠሁት። «የይለፍ ቃሉ ስህተት ነው» አለኝ። ደገምኩ። ስህተት። ፊደል በፊደል አነበብኩለት፤ «ልክ ነው» ይላል።

ግማሽ ሰዓት ከተጨቃጨቅን በኋላ ነው የተገለጠልን። ቃሉን ለቤዝ 64 ያቀበለው ኤኮ በሚለው የተርሚናል ትእዛዝ ነበር። ኤኮ ደግሞ ሰረዝ ኤን ካላሉት ከቃሉ ኋላ የማትታይ የአዲስ መስመር ምልክት ይጨምራል። ያን ሁሉ ሲለፋ በትክክል የደበቀው እሷን ብቻ ነው። እሱም አላወቀም።